የመትረየስ ሰደፍ ቀለም ምን ያህል ይመሰክራል?

የጥንት ጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች የጀርመንን መትረየሶች ዘመን በቀለም መለየት ለምደዋል። የኤምጂ 34 ወይም የኤምጂ 42 ሰደፍና እጀታ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ቀደምት፣ ጥቁር ከሆነ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። መለኪያው ለገበያ ይመቻል፤ በአንድ እይታ ዋጋ ያስቆርጣል። ለታሪክ ማስረጃነት ግን አይበቃም። ዛሬ የምናየው ቀለም ፋብሪካው ከሰጠው በተጨማሪ ብርሃን፣ ዘይት፣ የሰው እጅና ጥገና የተረባረቡበት ነውና ብቻውን ሊመሰክር አይችልም።

ምክንያቱ ብዙዎቹ ሰደፎችና እጀታዎች ከተሠሩበት ከባኬላይት ባሕርይ ይጀምራል። ትውልደ ቤልጅየሙ ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይህ ቁስ ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ተዋሕደው የሚሰጡት ሙጫ ነው። ሙጫው በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ቡናማ የሚያደላ ሲሆን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ከእንጨት ዱቄት ጋር ተደባልቆ፣ ስለዚህም በአብዛኛው በቡናማ ወይም በጥቁር ተቀልሞ፣ በጋለ ቅርጽ ማውጫ ይታመቅ ነበር። ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት የላይኛው ሙጫ ይሸረሸራል፤ ወዙ ይጠፋል፤ የእንጨቱ ዱቄትም ይጋለጣል። ከአንድ ማውጫ የወጡ ሁለት እጀታዎች፣ አንዱ በሣጥን ሌላው በመስኮት አጠገብ ቢቀመጡ፣ ከዘመናት በኋላ የተለያየ ዓመት ሥራ ሊመስሉ ይችላሉ።

የእንጨት ሰደፍም ከዚህ አያመልጥም። ዋልነት ብርሃን ሲመታው እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ቢች በአንጻሩ ወደ ቢጫና ቀይ ይጠልቃል። የተልባ ዘይት በተደጋጋሚ ከተቀባ ደግሞ ሁለቱንም ያጠቁራቸዋል። እንጨቱ ተፈግፍጎ እንደ አዲስ ሲቀባ የሚጠፋው ያረጀው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የተቆጣጣሪዎች ማኅተምና የወታደሩ ጭረትም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ችግር የመሣሪያዎቹ ስደት ነው። ኤምጂ 34 በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው የብርኖ ከተማ ተመርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ቼኮዝሎቫኪያ ለእስራኤል ሸጣዋለች። ዩጎዝላቪያ በበኩሏ የኤምጂ 42ን ንድፍ ተከትላ፣ ያንኑ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ይዛ፣ ኤም53ን በዛስታቫ ፋብሪካ ሠርታለች። የሁለቱም የጀርመን መትረየሶች ሰደፍ መቆለፊያውን ተጭኖ በመጠምዘዝ ይወልቃል፤ ለመቀየር ግምጃ ቤት መግባትን እንኳ አይጠይቅም። ስለዚህ ሰደፉ ከብረቱ ጋር አብሮ መወለዱን ለብቻው ማስረዳት ያስፈልጋል።

ታዲያ በምን ይለይ? መጀመሪያ መታየት ያለበት ብርሃን ያልደረሰበት ገጽ ነው። የእጀታው ልባስ ወደ ብረቱ የዞረበት ጀርባና የሰደፉ ማያያዣ ውስጡ ለፋብሪካው ቀለም ይበልጥ ቅርብ ናቸው። ቀጥሎ ማኅተሙ ይነበባል፤ የበርሊን ዳሌም የቁሳቁስ መፈተሻ ተቋም ምልክት ባኬላይቱን ማን እንዳመረተውና ከየትኛው ድብልቅ እንደሆነ ይጠቁማል። በሦስተኛ ደረጃ የአሠራሩ ዱካ ይመረመራል፦ የታመቀ ባኬላይት በመጋጠሚያው ላይ የማውጫውን መስመር ይይዛል፤ በዘመናችን በፈሳሽ ሙጫ ተቀድቶ የተመሰለ ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያሳያል። በእንጨት ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራ ሼላክ የተባለው የእንጨት ቅብ ብርቱካናማ ስለሚያበራ ሽፋኑን ለመለየት ይረዳል። በጋለ መርፌ መውጋት ወይም ሽታውን ለመለየት አጥብቆ መፈተግ ግን ማስረጃውን ራሱን ያበላሻል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ትክክለኛ ቀለም» የሚለው ጥያቄ በሦስት መከፈል አለበት። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም አንድ ነገር ነው፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ የነበረው ሌላ ነው፤ ዛሬ ያለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱም የታሪክ እውነት ናቸው። በግምጃ ቤት የተለወጠ ጥቁር ሰደፍ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሐሰቱ የሚመጣው ለውጡን ሸሽጎ እንደ ጥንቱ ነው ብሎ ሲቀርብ ነው።

ስለዚህ የጦር መሣሪያ ቅርሶችን የምትመዘግቡ ባለሙያዎችና ሰብሳቢዎች ሆይ፦ «ቡናማ» ወይም «ጥቁር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቀለሙን የትኛው ገጽ ላይ፣ በምን ብርሃን እንዳያችሁት፣ ማኅተሙና የጥገናው ምልክት ምን እንደሚል ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ ደግሞ አትወልውሉ፤ አትቀቡ።