ምትና ማሽን፦ የሐራልድ ግሮስኮፍ «ሲንተሲስት» ሂሳዊ ንባብ

አንድን የኪነት ሥራ «የግል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ግጥሙን የገጣሚው የሚያደርገው የተናገረው ጉዳይ ነው ወይስ የተናገረበት መንገድ የሚለው ክርክር በሥነ ጽሑፍ ጥናት ብዙ ወረቀት ፈጅቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የማነሣው ቃል አልባ በሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ጀርመናዊው ድራም ተጫዋች ሐራልድ ግሮስኮፍ በ1980 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው «ሲንተሲስት» በተሰኘ አልበም ላይ። ለኛ አድማጭ ሲንተሳይዘር ድራም ተጫዋቹን ከመድረክ ያስወረደ መሣሪያ ነው፤ በየሆቴሉና በየሠርጉ አንድ ሰው ከነኦርጋኑ የሙሉ ባንድ ቦታ ሲይዝ አይተናል። እዚህ የምናገኘው ግን ተገላቢጦሹን፣ ያንኑ ማሽን በገዛ እጁ የያዘ ድራም ተጫዋች ነው።

የሥራው አመጣጥ ከሌላ ሰው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ2022 ያረፈው ክላውስ ሹልትዘ ጥንቱን ድራም ተጫዋች ነበር፤ በ1970 በታንጀሪን ድሪም፣ በ1971 በአሽ ራ ቴምፕል የመጀመሪያ አልበሞች ላይ ድራሙን የመታው እሱ ነው። በ1972 «ኢርሊኽት»ን ሲያወጣ ግን ድራሙን አስቀምጦ በኦርጋንና በተለዋወጠ የኦርኬስትራ ቅጂ ረጃጅም ድምፆችን ዘረጋ። በ1975 የወጣው «ታይምዊንድ» በሸክላው በእያንዳንዱ ፊት አንድ ሥራ ብቻ የያዘ ነው። በ1976 «ሙንዶውን»ን ሲሠራ ደግሞ በቫለንሽታይን የሮክ ባንድ ይጫወት የነበረውን ግሮስኮፍን ድራም እንዲመታለት ጋበዘው። ድራሙን ትቶ የሄደ ሰው የሌላ ሰው እጅ መሻቱ ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ማሽኑ ብቻውን ያልሞላው ቦታ ነበረና።

ያ ቦታ ምን እንደሆነ ለማየት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲኩዌንሰር የሚባለው መሣሪያ የተሰጠውን የድምፅ ተርታ ሳይጨምርና ሳያጓድል ይደጋግማል፤ አይደክምም፣ አይቸኩልም። ሚኒሙግ በበኩሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ የማያወጣ በመሆኑ፣ ድርብርብ ዜማ የሚገኘው በቴፕ ላይ አንዱን በሌላው ላይ በመቅዳት ነው። ግሮስኮፍ በ1979 በክሬፌልድ ከተማ የቀዳው ይህ አልበም የተገነባው በዚሁ አሠራር ነው። ከተደጋጋሚው ተርታ ጋር ግን የሰው ድራም አለ። ድራሙ ተርታውን ይከተላል፤ ሆኖም ከበትር በትር ጉልበቱ ይለያያል፣ አንዳንዴ ይጫናል፣ አንዳንዴ ይሳሳል። ጆሮ ማሽኑ የማይለወጥ መሆኑን የሚያውቀው እጁ ስለሚለዋወጥ ነው፤ እጁም የእጅ መሆኑ የሚታወቀው ከማይለወጠው ጎን በመቆሙ ነው።

የግጥም ተማሪ ይህን ግንኙነት ያውቀዋል። በወል ቤት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ ልኩ የማንም ገጣሚ የግል ንብረት አይደለም። ገጣሚውን ከሌላው የሚለየው በዚያ በጋራ ልክ ውስጥ እስትንፋሱን የሚያሳርፍበት፣ ቃሉን የሚያከብድበትና የሚያቀልልበት ቦታ ነው። ልኩ ሲኩዌንሰሩ ነው፤ እስትንፋሱ ድራሙ ነው። በዚህ ሚዛን «ሲንተሲስት» የግል ሥራ የሚባለው ሰውየው ብቻውን ስለደከመበት ሳይሆን፣ በማንም እጅ ሊገባ በሚችል ማሽን ውስጥ የራሱን አመታት ስላሰማን ነው።

አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ቃል በሌለው ሥራ ርእስ ብቸኛው ጽሑፍ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናነበው ይገባል። የመጀመሪያው ሥራ «እስከዚህ ደኅና ነው» እንደማለት ያለ ትሑት የጀርመንኛ ስያሜ አለው፤ ሙዚቃውም ከዚያ በላይ አይኩራራም፣ ስለዚህም ያምርበታል። «ትራንሰንደንታል ኦቨርድራይቭ» የሚለው ግን ሙዚቃው የማይሸከመውን የፍልስፍና ካባ ደርቧል። አንዳንዶቹም ዜማዎች ጆሮ ቶሎ የሚለምዳቸው በመሆናቸው፣ ከሥራቸው ያለውን የምት ፍልሚያ ይሸፍኑታል። ስመ አልበሙ ራሱ ያከራክራል፤ ዕድሜውን ድራም የመታ ሰው ራሱን በሲንተሳይዘር ስም ጠራ፣ በሽፋኑም ላይ ፊቱን ብርማ ቀለም ተቀብቶ ማሽን መሰለ። ስምና ሽፋኑ «ማሽን ሆኛለሁ» ሲሉ ድራሙ «አልሆንክም» ይላል። ለኔ የአልበሙ ዋነኛ ጉዳይ ይህ ግጭት ነው፤ ደራሲ ስለ ራሱ የሚናገረውና ሥራው ስለ እርሱ የሚመሰክረው ሲለያዩ ሃያሲ ማመን ያለበት ሥራውን ነው።

ይህን ስል የራሴንም ስሕተት መጥቀስ ይገባኛል። ለዓመታት በግጥም ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ልካቸው እኩል የሆነ ስንኞችን ደርድረው የመጡ ተማሪዎቼን «ምቱ ማሽን ሆነባችሁ» እያልሁ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ። ይህን አልበም ደጋግሜ ካደመጥሁ በኋላ ከእነዚያ ወረቀቶች ጥቂቱን አውጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኋቸው። ከእነርሱ መካከል በእኩል ልክ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ አክብዶ ስንኙን በሙሉ ያነቃ ተማሪ አገኘሁ። ያኔ በዓይኔ ቀለም እየቆጠርሁ አርሜ ነበርና ያቺ ቃል አልፋኛለች።