የሶለል ገንዘብ ያዥ

የሶለል ልጃገረዶች አንድ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይዘፍኑም። ከፊት ያለችው እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ጭፍራው ይቆማል። ሹክሹክታ ይጀመራል። የማን ቤት ነው? አባወራው አለ? ዘንድሮ የወለደ አለ? ከዓረብ አገር የገባች ልጅ አለቻቸው? ሐዘን የለባቸውም? አንዷ ትናገራለች፤ ሌላዋ ታርማለች። ከዚያ ከበሮው ይመታል፤ ግጥሙም ለዚያ ቤት ብቻ የተሰፋ ሆኖ ይወጣል። እናትየዋ ከጓዳ ብቅ ስትል የበኩር ልጇ ስም በዜማ ሲጠራ ትሰማለች። በዚያች ቅጽበት ፊቷን አይቻለሁ። እጇ ወደ መቀነቷ የሚሄደው ሳታስበው ነው።

ስለ ሶለል ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሳው ጌጡ ነው፦ ሹሩባው፣ ኩሉ፣ ድሪው፣ ወገብ ላይ ታስሮ ከእስክስታው ጋር የሚወዛወዘው ለምለም ቅጠል። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ እኛ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል የምንለው ይህ በዓል በእርግጥም ዓይን ይማርካል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከጌጡ ሥር ያለው ሥራ ነው። ሶለል ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ የገቢ ማሰባሰቢያ ነው፤ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ባነር፣ ያለ አዳራሽ ኪራይ፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ባልወጡ ልጆች የሚመራ። ለትምህርት ቤት ማሠሪያ፣ ለመንገድ፣ ለታመመ ሰው ማሳከሚያ በተጠሩ ብዙ ዝግጅቶች ላይ ተቀምጫለሁ። በአንዱ ከተሰበሰበው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለዕለቱ ምሳና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ሲከፈል ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኜ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንደ ሶለል ጭፍራ ያማረ አደረጃጀት ግን አላየሁም።

ከቀኑ ልጀምር። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። ልጆቹ በጾሙ ሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ማታ ደጃፍ ላይ ሲሰባሰቡ ይመካከራሉ፤ ከበሮ ያለው ማን ነው፣ ማን ያወጣል፣ ማን ይቀበላል። በዓሉ ሲደርስ ሰዉ ከጾም ወጥቷል፣ ቤቱ ታጥኗል፣ ልቡ ለመስጠት ተከፍቷል። ነገር ግን ነሐሴ በራያ ቆላ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ነው። ማሽላው ገና እርሻው ላይ ለጋ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቂያው ደርሷል። ስለዚህ ሶለል ትልቅ ነገር አትጠይቅም። ሳንቲም ቢሆን፣ የተጣጠፈች ብር ብትሆን፣ እንጀራ ቢሆን፣ ሁሉም እኩል ይመረቅበታል። ትልቁ መዋጮ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚያሠራው፣ የሚጠየቀው ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው። ቆቦ ላይ በነሐሴ ኩንታል የሚጠይቅ፣ በጥር ደግሞ ሳንቲም የሚጠይቅ ሰው ሥራውን አያውቅም።

ቀጥሎ የመንገዱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይወጣል። ከዚያ የሰፈሩ አንጋፋ ቤት ነው፤ የተከበረ፣ እጁም ያልታሰረ። መሪዋ ይህን ቤት ስታስቀድም አክብሮቷን ብቻ አይደለም የምትገልጸው። የመጀመሪያው ስጦታ የቀኑን ልክ ያወጣል፤ ጎረቤት ጆሮ አለው። ቆጥቋጣነቱ የታወቀ ሀብታም ቤት ከቀደመ ቀኑ በሙሉ ዝቅ ብሎ ይውላል። እኒህ ልጆች ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። ከኋላ ሲከተሉ ነው የለመዱት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ጭፍራው የማይዘፍንበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በምትገባ ጠባብ መተላለፊያ እየተከተልኳቸው ነበር። ዘፈኑ ደምቆ እያለ ከበሮ መቺዋ ድንገት ከበሮዋን ብብቷ ሥር አስገባች፤ ሁሉም ዝም አለ፤ ቅጠላቸው እንኳ እንዳይንኮሻኮሽ በእጃቸው ያዙት። የሁለት ቤት ርዝመት እንዲያ አለፉ። ሐዘን ቤት ነበር። ከዚያ ቤት ምንም አልተጠየቀም፤ በሩ ላይ ግን አንዷ ልጅ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ አለፈች። ማንም አላዘዛትም። የእንጨት ጠራቢ እጅ መጋጠሚያ ላይ እንደሚታወቅ፣ የዚህም ሥራ ጥራት እዚያች ዝምታ ላይ ይታወቃል።

የሥራ ክፍፍሉ ደግሞ ሌላ ነው። የምታወጣዋ፣ የምትቀበለው ጭፍራ፣ ከበሮ መቺዋ፣ ዳር ዳሩን በትር ይዘው የሚከተሉት ወንድሞች አሉ። ገንዘብ ያዧ ግን ከመሪዋ ሌላ ናት። ድምፅዋ ከሁሉ የሚያምረው አትሆንም፤ ከፊትም አትቆምም። ብዙ ጊዜ ዝምተኛ፣ ሰው የሚያምናት፣ ስትሮጥ ነገር የማይወድቅባት ልጅ ናት። ስጦታው ወደ መሪዋ እጅ ይመጣል፤ መሪዋ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ ጭፍራው ይመርቃል፤ ብሩም በምርቃቱ መካከል ወደ ኋላ ይተላለፋል። ገንዘብ ያዧ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ከጎኗ ሁልጊዜ ሌላ ልጅ አለች፤ ሥራዋ ማየት ብቻ ነው። የተቀበለችው አትይዝም፤ የያዘችው አትቀበልም፤ ሦስተኛዋ ታያለች። የሂሳብ ሰዎች በትምህርት ቤት ዓመታት የሚማሩትን ይህን ሥርዓት እኒህ ልጆች በአንድ ነጠላ ጫፍ ይሠሩታል።

ሥራን አስቀድሞ የመከፋፈል ይህ ልማድ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ዓይኔ ወደ ወንዙ ይሄዳል። የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ በምዕራብ በደጋው ግርጌ የተያዘ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፤ ጎሊናና ሆርማት ግን ጎርፉን ይዘውት ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአፈርና በቁጥቋጦ አጥሮ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ጠለፋ ይባላል። ጎርፉ ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ለጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያልፋል፤ ክትሩንም ይዞት ይሄዳል። ውኃው ሲደርስ ስብሰባ ልጥራ ማለት አይቻልም። ማን ድንጋይ ያቀርባል፣ ማን ቦዩን ይጠርጋል፣ ከማን ማሳ ቀጥሎ የማን ማሳ ይጠጣል የሚለው ሁሉ ሰማዩ ሳይጠቁር አልቆ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለ አገር ላይ ያደገች ልጅ በር ላይ ደርሳ ብታመነታ ነበር የሚገርመው።

ትልቅ የገቢ ማሰባሰቢያ ሲነሳ ደግሞ ኮረም ትዝ ይለኛል፤ ከቆቦ ወደ ሰሜን በአላማጣ አልፎ ግራካሱን የወጣ ሰው ይደርስባታል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት የረሃብ ዘገባ ታየ። ሐምሌ 6 ቀን በዚያው ዓመት ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ የቀሰቀሰው የሙዚቃ ዝግጅት፣ ላይቭ ኤይድ፣ በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያ ተካሄደ፤ ሁለቱ ተደማምረው 16 ሰዓት ያህል። ዌምብሌይ ላይ ብቻ 72,000 ያህል ሰው ነበር። የዝግጅቱ ሥራ እጅግ የተዋጣ ነበር። መድረኩ እየዞረ አንዱ ሲዘፍን የሌላው ዕቃ ከኋላ ይሰናዳ ነበር፤ ዘፋኞቹም ሰዓታቸውን እንዳያሳልፉ እንደ መንገድ መብራት ያለ የሚያስጠነቅቅ መብራት ተተክሎላቸው ነበር። አዘጋጁ ሀርቪ ጎልድስሚዝ ትልቁ ችግር ዘፋኝን መድረክ ላይ ማውጣት ሳይሆን በሰዓቱ ማውረድ መሆኑን አውቆ ነበር። የሶለል መሪም ይህን ታውቃለች። ስጦታው ከተሰጠ በኋላ ምርቃቱ አጭር ነው፤ ባለቤቱ ገና ፈገግ እያለ ጭፍራው ከግቢው ወጥቷል። ቆይተው ሁለተኛ ስጦታ ቢያስወጡት ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት በሩን ቀድሞ ይዘጋው ነበር።

ልዩነታቸው ሹክሹክታው ላይ ነው። ከላይቭ ኤይድ በፊት እነጌልዶፍ ያስቀዱት ዝነኛ ዘፈን በርዕሱ፣ እነዚህ የተራቡ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ኮረም ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች ግን ለገና ላሊበላ በእግራቸው የሚወርዱ ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፤ እኔ ለሰጡት ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሶለል መሪ ብትሆን ግን ከበሮው ሳይመታ በፊት ስለ ቤቱ ትጠይቅ ነበር።

እዚሁ በእኛ አዋቂዎች ዘንድ ይህን የማሰባሰብ ሙያ የያዘው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ትልቅ መዋጮ ሲጠራ የቅሬ ሴቶች የሚሠሩትን ማየት ያስደስታል። ሁለት ምድጃ ይጎለታል፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ። እርዱ የተለያየ ነው፣ ቢላዋው የተለያየ ነው፣ ድስቱና ጭልፋው የተለያየ ነው፤ እንጀራውና ቡናው ግን አንድ ነው። አንዲት እናት በሁለቱ መካከል ቆማ ምንም ነገር እንዳይሻገር ስትጠብቅ አይቻለሁ። ሳህኖቹ እንዲለዩ የአንዱን ወገን ክምር በሰማያዊ ጨርቅ፣ የሌላውን በነጭ ሸፍናለች። እንግዳ ምን እንደተደረገ እንኳ አያውቅም፤ በልቶ ሰጥቶ ይሄዳል። ጸሐፊውም ሲያነብ እንደ ስጦታው መጠን አያነብም፤ እንደ አመጣጣቸው ነው። አንድ በሬ፣ ቀጥሎ አንድ ቁና ማሽላ፣ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በስልክ የተላከ ብር። ድምፁ በአንዱም ላይ ከፍ ዝቅ አይልም። ያቺ ቁና ከባለቤቷ ጎተራ ምን ያህል እንዳጎደለች እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች። የሶለልን ሙያ የጻፈው የለም፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የአሥራ አምስት ዓመቷን ከኋላ ተከትላ ነው የምትማረው። ነሐሴ ያለ ከበሮ ባለፈ ቁጥር አንዷ ሳትማር ታድጋለች። የማን በር እንደሚቀድም፣ ከበሮው የት ብብት ሥር እንደሚገባ የምታውቀው አግብታ ትሄዳለች። ልብስና ጌጥ ከገበያ ይገዛል፤ በበዓሉ መድረክ ላይ ማሳየትም ይቻላል። ሹክሹክታውን ግን መድረክ ላይ አላየሁትም፤ መድረክ በር የለውም። ሶለልን እንጠብቅ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ሰፈራቸው በር እንዲመልስልኝ እለምናለሁ።

የመጨረሻውን ቀን ማታ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ቆይቻለሁ። ከአንዲት ግራር ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ገንዘብ ያዧ መሐል ገባች። ላብና አቧራ ያጠበቀው ቋጠሮ በእጅ አልፈታ ብሏት በጥርሷ ፈታችው። ሳንቲሙ ለብቻ፣ ብሩ ለብቻ ተደረደረ፤ አንዷ ቆጠረች፣ ሌላዋ ደግማ ቆጠረች። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ለድግሳቸው። ከዚያ በዚያ ዓመት ልብስ አጥታ ከቤት ለዋለች አንዲት ጓደኛቸው እንደ ማንኛቸውም ልክ ተቆጥሮ ተለየላት፤ ስሟን ማንም ጮክ ብሎ አልጠራም። ሲያልቅ ገንዘብ ያዧ ብድግ አለች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ገለበጠችው፤ ሁሉም እያያት በክቡ መሐል አራገፈችው።