ከሎው ስኩል በፊት ያሉት ኮርሶች

በዋሽንግተን አካባቢ ሎው ስኩል ለመግባት የሚያስቡ የኮሌጅ ተማሪዎችን አማክራለሁ። የሐበሻ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ከመጣ የመጀመሪያዋ ጥያቄ አትቀርም፦ «ሕጉን መማር የሚጀምረው መቼ ነው?» አይፈረድባቸውም። አገር ቤት ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በሌላ ትምህርት ዲግሪ ከተያዘ በኋላ የሚገባበት የሦስት ዓመት ትምህርት ነው፤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርም ይህን ሜጀር ያዙ ብሎ አያዝም።

ተማሪው ታዲያ ስሙ ላይ «ሕግ» ያለበትን ኮርስ ሁሉ ይለቃቅማል። እኔ የኮርስ ዝርዝሩን ሳይ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበት፣ መምህሩም አርሞ የሚመልስበት ክፍል። በታጨቀ አዳራሽ በምርጫ ጥያቄ የተገኘ ኤ ውጤት ያሳምራል እንጂ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር አያስገኝም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥቂት ሰው የሚቀመጥበት ሴሚናር እንዲገቡ እጨቀጭቃለሁ፤ ታሪክ ይሁን ሥነ ጽሑፍ ግድ የለኝም።

አንድ ኮርስ ብቻ ምረጪ ብባል ሎጂክ እላለሁ። «ዝናብ ከጣለ አስፋልቱ ይረጥባል። አስፋልቱ ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል።» ጎበዙም ተማሪ ይህን ሲሰማ በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። የውኃ ቦቴ አልፎ ቢሆንስ? የመግቢያ ፈተናው ኤልሳት የሚያድነው እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለው ክፍል ቀርቶ፣ ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ ክርክር መመርመር፣ አንዱ አንብቦ መረዳት ሆኗል።

ቤተሰብ ጨርሶ የማይጠረጥረው ግን የጂፒኤውን ስሌት ነው። ማመልከቻዎችን የሚያስተናግደው ኤልሳክ ውጤቱን እንደገና በራሱ ደንብ ያሰላዋል። ኮሌጁ ኮርሱ ሲደገም የድሮውን ኤፍ ከስሌቱ አውጥቶት ይሆናል፤ ኤልሳክ ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ ክሬዲቱና ውጤቱ እስከታዩ ድረስ ሁለቱንም ይደምራል። አመልካቿ ሃይስኩል እያለች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰደችው ኮርስም አይቀርም። «ዶክተር ትሆናለች» ተብሎ በግድ የተወሰደ ኬሚስትሪ፣ ሲ ከሆነ፣ እዚያው ስሌቱ ውስጥ ነው። (ይህን ስናገር አባቶች ወደ መስኮቱ ያያሉ።) ሳይንሱን ከልቡ የሚወድ ግን አይተወው፤ በፓተንት ቢሮ ፊት ለደንበኛ ለመቆም በአብዛኛው የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዝግጅት ይጠየቃል።

ሴሚስተሩ ከከበደ፣ ቀኑ ሳያልፍ አንዱን ኮርስ መተው ኤፍ ከመቀበል ይሻላል፤ ኮርስ ሲተው ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረው ደብሊው፣ ቅጣት የሌለበት ከሆነ፣ ከኤልሳክ ስሌት አይገባም። የገንዘብ እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ግን መጀመሪያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ፤ ክሬዲቱ ከ12 ከወረደ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ አይቆጠርም፤ እርዳታውም ሊቀነስበት ይችላል።