ምርመራና እንጀራ



የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ዕለቱ ጁሙዓ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትላልቅ ስብሰባዎች ታገዱ። መጋቢት 22 የባሕር ዳር፣ የእንጅባራ፣ የትሊሊና የአዲስ ቅዳም ነዋሪዎች ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። መጋቢት 27 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሟቾች ተነገሩ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በዚያን ዕለት በምርመራ የታወቁት ሕመምተኞች 55 ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 የአስቸኳይ ሥጋትነቱን ማብቃት ሲያውጅ በዚህ በሽታ መሞታቸው በአገራችን የተመዘገበ ወገኖች ከ7,500 በልጠው ነበር። ለቤተሰቦቻቸው አላህ ሶብሩን ይስጥ።

«ያለፈውን ምን ያስቆፍራችኋል?» የሚለን አይጠፋም። ነገር ግን ወረርሽኝ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር እንግዳ አይደለም። በኅዳር 2018 በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በላብራቶሪ ተረጋግጦ ሲነገር ያ የጥንቱ ድንጋጤ ከነጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ የ2012ቱን የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በተለይም በዚያን ጊዜ ለሕዝብ የተነገረውን ቃል፣ ረጋ ብሎ መመርመር ይገባል። ግጥም ይተቻል፤ ልብ ወለድም ይተቻል። ሚሊዮኖች የሰሙት፣ የሰው ሕይወትና የሰው እንጀራ የተንጠለጠለበት ምክር ሳይተች የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

የመልእክቱን ደግ ጎን እናስቀድም። አጭር ነበር፤ ተደጋጋሚ ነበር። ስልክ ስንደውል የጥሪው ድምፅ ቀርቶ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር መልእክት እንሰማ ነበር። ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ያዙት። የጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫም ሳይቋረጥ በመውጣቱ ወሬ ሊሞላው ይችል የነበረውን ባዶ ቦታ በከፊል ዘግቷል። ይህን ሠርተው ያደሩትን ሁሉ ማመስገን ተገቢ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው መልእክቱን ወስዳችሁ ከአንድ የተወሰነ ሰው ጆሮ ላይ ስታስቀምጡት ነው። እስቲ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው መካነ ሰላም እንውሰደው። ከዚያም በዙሪያዋ ወዳሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች እናዝልቀው። «እጃችሁን በሚፈስ ውሃ ታጠቡ» ይላል። ውሃ ከምንጭ በጀሪካን ተሸክማ ለምታመጣ እናት የሚፈስ ውሃ ማለት ምን ማለት ነው? «ራሳችሁን ለይታችሁ ቆዩ» ይላል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር፣ ብርድ በጸናበት ሌሊትም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ለሚያድሩበት ቤት መለየት በየትኛው ጓዳ ነው? «ቤታችሁ ቆዩ» ይላል። ወሩ የበልግ ወር ነው። ደቦና ወንፈል የሰው እጅ ይፈልጋሉ። ቅሬው የሞተውን ይቀብራል፤ ያዘነውን ያስተዛዝናል። ይህ ሁሉ አራት ሰው ሳይሞላ እንዴት ይፈጸማል?

ምክሩ ሐሰት ነበር ማለታችን አይደለም፤ መታጠቡም መራራቁም ትክክል ነበር። የምንተቸው አድራሻውን ነው። ቃሉ የተጻፈው ቧንቧ ላለው፣ ክፍል ለተረፈው፣ የወር ደመወዝ ለሚቆጥር ሰው ነበር። የቀረው ሕዝብ ከዳር ሆኖ እንዲያዳምጥ ተደረገ። መነሻ የሚሆን ነገር ደግሞ አልጠፋም ነበር። በየሙስሊሙ ቤት የውዱእ ማንቆርቆሪያ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ በሚሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ጥቂት ውሃ ከሳሙና ጋር በቂ መሆኑን ከዚያ ተነሥቶ ማስረዳት ይቻል ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። በመጀመሪያ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ቀጥሎ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ መመርመር ጀመረ። በመጋቢት አጋማሽ የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ እርዳታ ሲደርስ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር የተመደበው የምርመራ ኪት 20,000 ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ቢካፈል ለ5,000 ሰው አንድ ምርመራ እንኳን አይሞላም። እንግዲህ «ዛሬ አዲስ ሕመምተኛ አልተገኘም» የሚለው ዜና ምን ያህል ሰው ተመርምሮ፣ ከየትኛው አካባቢ ተወስዶ እንደሆነ ሳይመዘን ለገጠሩ ሰው «በሽታው እኛ ጋ የለም» የሚል ትርጉም ይዞ ደረሰው። ያልተፈለገ ነገር አይገኝም። ይህን ቀላል እውነት በግልጽ ቋንቋ ያስረዳው ጥቂት ነበር።

ምርመራው ራሱም በቅጡ አልተገለጸለትም። ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ የሚወሰደው ናሙና የሚናገረው ስለዚያ ዕለት ነው። በሽታው ወደ ሰውነት በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ከውጭ የገባ ሰው «ነጻ ነህ» ከተባለ በኋላም 14 ቀን እንዲቆይ የተደረገው ለዚህ ነበር። ምክንያቱ ሳይነገረው «ነጻ ነህ፤ ግን አትወጣም» የተባለ ሰው «ታዲያ ለምን መረመሩኝ?» ብሎ ቢጠራጠር ይፈረድበታልን?

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰውን ያስፈራው ከምርመራው ወዲያ ያለው ነገር ነበር። በቀን ሥራ የሚያድር አባወራን አስቡ። 8335 ደውል ተባለ። ደወለ እንበል። በሽታው ከተገኘበት ይወስዱታል፤ ቤተሰቡም ይለያል። ለሁለት ሳምንት ማን ያበላቸዋል? ከብቱን ማን ያጠጣል? የተበደረውን ማን ይከፍላል? ሲመለስስ ሥራ የሚሰጠው፣ ከእጁ ሸቀጥ የሚገዛው ይኖራልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች በመልእክቱ ውስጥ መልስ አልነበረም። ሳሉን ደብቆ ወደ ሥራ የወጣውን ሰው «ያልነቃ» ብለን ሰደብነው። እርሱ ግን ሒሳቡን አስልቶ ነበር፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። የተሳሳተው፣ ምርመራን ለጤና ጥበቃ ብለን ስንጠራው ዋጋውን እርሱ ብቻውን እንዲከፍል መተዋችን ነው።

አዋጁ ስለ ሥራ የተናገረው በጎ ነገር አለ። አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሏል። ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ቤታቸው እንዲቆዩ ተደርጓል። ይሁን እንጂ አሠሪው ገበያ፣ ውሉ የዕለት ጉልበቱ የሆነ ሰው በየትኛው አንቀጽ ይጠለላል? ሻይ የምታፈላ፣ እንጨት የምትሸጥ፣ ሸክም የሚያወርድ፣ እነዚህ ሁሉ ከሕጉ ጥላ ውጭ ቀሩ። ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር ሄደው ቤተሰብ ይረዱ የነበሩ ልጆቻችንም በዚያው ወቅት ሥራቸው ተቋረጠ። ሚያዝያ 2012 ላይ ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚባረሩት ወገኖቻችን እየበዙ ሲመጡ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማባረሩ በወረርሽኙ ጊዜ እንዲቆም እስከመጠየቅ ደረሰ። ተመላሾቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተለይተው ቆዩ። በየአካባቢያችን የተጠየቀው ግን «ምን በልተው ነው የመጡት? ማን ተቀበላቸው?» የሚለው አልነበረም፤ «በሽታ ይዘው መጡብን» የሚለው ነበር። ትናንት በላኩት ገንዘብ ጣራ ያለበስን እኛ፣ ዛሬ ከደጃፋችን እንዲርቁ ፈለግን። ይህ የመንግሥት ጥፋት አይደለም፤ የእኛው ነው።

ዕለታዊ መግለጫውም ለዚህ በር ከፍቷል። የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ጾታ፣ መኖሪያና የጉዞ ታሪክ በዝርዝር ይነገር ነበር። ስሙ አልተጠራም፤ እውነት ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሰውን አይገልጥም ይሆናል። በመካነ ሰላም ዓይነት ከተማ ግን ዕድሜና የመጣበት አገር ከተነገረ ስሙን ለመፈለግ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ኢስላም የሙስሊምን ነውር እንኳን መሸፈንን ያዛል። ሕመም ደግሞ ነውር አይደለም። የታመመን መሸፈን እንዴት ከዚህ ያንሳል?

እስካሁን ሌላውን ተቸን። የመስጂዱን ቃልስ? በዚያን ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ ንግግሮች ተሰምተዋል። አንደኛው «በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ አይያዝም» የሚለው ነው። ውዱእ ዒባዳ ነው፤ ንጽሕናም ነው። በትንፋሽ የሚተላለፍን በሽታ ያግዳል ብሎ መናገር ግን በሸሪዓ ስም ያልተሰጠ ዋስትና መስጠት ነው። ሁለተኛው «መመርመርና መራቅ ተወኩልን ያጎድላል» የሚለው ነው። ለዚህኛው መልሱ ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ አቡ ዑበይዳና ሌሎች አዛዦች ተቀብለው ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎች እንዲመለሱ በአንድ ቃል መከሯቸውና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ሲቃወሙ፣ ዑመር ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዱ። ምሳሌ ያደረጉትም ግመሎቹን ወደ ሸለቆ ያወረደን እረኛ ነበር። አንዱ ዳርቻ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆን በየትኛውም ቢያግድ በአላህ ቀደር ነው። ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ከዚያም ሽሽት እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን መሰከሩ።

ይህን ታሪክ በ2012 ብዙ ጊዜ ሰማነው። የተነገረን ግን መጨረሻው ብቻ ነበር፤ እንዳትገቡ፣ እንዳትወጡ የሚለው። የቀረውን ክፍል ልብ በሉት። ውሳኔው የመጣው ከሦስት ምክክር በኋላ ነው። ተቃውሞ ሲነሣ ተቃዋሚው አልተሰደበም፤ ተብራራለት። ማብራሪያውም የተወሰደው ከአድማጩ ኑሮ፣ ከግመልና ከግጦሽ ነው። የአገራችን መልእክት የጎደለው ይኸው ነበር። ከብት አግዶ ላደገው የቦረና ሰው፣ የታመመችን ላም ከመንጋው የሚለይ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ መለየት ምን እንደሆነ እንደ አዲስ ነገር ከከተማ ተነገረው።

መስጂዶች ሲዘጉ የደረሰብንን ሐዘን አንረሳውም። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የጀማዓ ሶላት እንዲቋረጥ ወሰነ። የ1441 ዓ.ሂ. ረመዳን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ውሳኔው መሠረት ነበረው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ብርድና ዝናብ በበረታ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ያሳውቅ ነበር። ነገር ግን መስጂዱ ሲዘጋ የሶላቱ ሰፍ ብቻ አልተዘጋም፤ ችግረኛው እጁን የሚዘረጋበት ደጅም አብሮ ተዘጋ። ያን ደጅ በሌላ መንገድ የከፈቱ ጀማዓዎች ነበሩ፤ እህልና ዘይት አሰባስበው በየቤቱ አዳርሰዋል። ያላሰቡበትም ብዙ ናቸው።

ውድ አንባቢያን! አያቶቻችን በ1911 የኅዳር በሽታን አይተዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው አልቋል። ከዚያ የቀረልን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል ነው። ከ2012ስ ምን ሊቀርልን ነው? በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የደረቀ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ብቻ እንዳይሆን እንሰጋለን።

የሚቀጥለው ሳይመጣ ልንሠራው የምንችለው ሩቅ አይደለም። ቅሬ ለቀብር ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ለተመርማሪ ቤተሰብ የሁለት ሳምንት እህል ቢያስቀምጥ ምን ይከብደዋል? የመስጂድ ኮሚቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ በቀን ሥራ የሚያድሩ ቤቶችን ከወዲሁ ቢያውቅ፣ ኢማሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከኹጥባው በፊት ተቀምጠው ቢመካከሩ፣ ዘካና ሶደቃ ከሚሰጥባቸው መካከል ለሌላው ደኅንነት ሲል ከሥራ የቀረው ሰው ቢታሰብ፣ ያ ሳሉን የደበቀ አባወራ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ያነሣል። በየቤታችሁም ዛሬ ማታ ይህን ጥያቄ ከልጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት፦ ጎረቤታችን ለ14 ቀን እንዳይወጣ ቢታዘዝ፣ ውሃውን ማን ይቀዳለታል? ከብቱንስ ማን ያጠጣለታል?

አላህ (ሱ.ወ.) አገራችንን ከበላ ይጠብቅ፤ የታመሙትን ያሽር፤ ለተራበው የምንደርስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።