በብዛት የሚገኝን አር.ኤን.ኤ. ማስወገድ፦ ስለ «ዳሽ» ዘዴ ሒሳዊ አስተያየት

ከሕመምተኛ ናሙና የሚገኘውን አር.ኤን.ኤ. በሙሉ ለማንበብ የሚሞክር ላቦራቶሪ አስቀድሞ የሚገጥመው የብዛት ችግር ነው። በሴል ውስጥ ካለው አር.ኤን.ኤ. አብዛኛው ራይቦሶማዊ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው የበሽታ አምጪው አሻራ ግን ከሚሊዮን ንባቦች ጥቂቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች የቀረበውና እ.ኤ.አ. በ2016 በጂኖም ባዮሎጂ መጽሔት የታተመው «ዳሽ» የተባለው ዘዴ ለዚህ ችግር የቀረበ መፍትሔ ነው።

አር.ኤን.ኤው ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ተቀድቶ በሁለቱም ጫፎቹ አዳፕተር ከተቀጠለለት በኋላ፣ ካስ 9 የተባለው ኢንዛይም በመሪ አር.ኤን.ኤዎች እየተመራ ያልተፈለጉትን ቁርጥራጮች መካከላቸው ላይ ይበጥሳቸዋል። የተበጠሰው በፒ.ሲ.አር. አይባዛም፤ የቀረው ይባዛል። ቀደምት ዘዴዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በራሱ በአር.ኤን.ኤው ላይ በመሆኑ ጥቂት ጠብታ ለሆነ የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ አይመቹም። የዳሽ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። በሒላ ሴሎች ሙከራ ከንባቦቹ ከግማሽ በላይ የነበረው ሚቶኮንድሪያዊ ራይቦሶማዊ አር.ኤን.ኤ. ከ1 በመቶ በታች መውረዱ የሚመሰገን ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ለሕክምና የቀረበው ማስረጃ ጠባብ ነው። የተመረመሩት የአንጎልና የሽፋኑ ብግነት ያለባቸው የሦስት ሕሙማን ናሙናዎች ሲሆኑ፣ በሽታ አምጪዎቹም ተለይተው የታወቁ ነበሩ፦ ባላሙትያ የተባለው አሜባ፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስና የአሳማ ሥጋ ኮሶ ትል። ይህም የታወቀን ምልክት ማጉላት እንደሚቻል እንጂ ያልታወቀን የማግኘት አቅሙን አያሳይም።

ከዚህ የሚበልጠው ስጋት ሌላ ነው። ራይቦሶማዊ አር.ኤን.ኤ. ትርፍ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው፤ ተሕዋስያንን የምንለየው ብዙ ጊዜ በራሳቸው ራይቦሶማዊ ቅደም ተከተል ነው። ተመራማሪዎቹ ዒላማቸውን በሰው ሚቶኮንድሪያ ላይ መወሰናቸው ጥንቃቄ ነው። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን ወደ ኒውክሊየሱ 18 ኤስና 28 ኤስ ቢሻገሩ፣ እነዚህ በሰው፣ በአሜባ፣ በፈንገስና በትል መካከል በብዙ ክፍላቸው ስለሚመሳሰሉ፣ እንክርዳዱን ሲነቅሉ ስንዴውንም ሊነቅሉ ይችላሉ።

በተጨማሪም ማስወገድ የቀረውን ሁሉ ያጎላል፤ ከኬሚካሎቹ የገባውን ብክለት ጭምር። በላይብረሪው ውስጥ ከመጀመሪያው ያልገባን ሞለኪውል ግን ሊፈጥር አይችልም። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል ውጤት «የለም» ማለት አይደለም፤ ሐኪም በዚህ ቃል ብቻ ተመርቶ ሕክምና ቢያቋርጥ ጉዳቱ የሕመምተኛው ነው።

በዚህ ዘዴ የሚወጣ ማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት ሦስት ነገሮችን ሊያካትት ይገባል፦ የትኞቹ ቅደም ተከተሎች እንደተወገዱ፣ ያልተወገደበት ጥንድ ናሙና ምን እንዳሳየ፣ ከንጹሕ ውኃ የተዘጋጀው መቆጣጠሪያም ምን እንደሰጠ። ዳሽ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ያስወገደውን የማይናገር ሪፖርት ግን ለሕክምና ውሳኔ አይበቃም።