ያ ሰውዬስ ዳነ?

ባለፈው ክረምት በዴሳ፣ ቤተሰብ ጋ ሆኜ «አንከት ጄምስ»ን ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ውጭ ዝናብ ነው፤ መብራት ጠፍቷል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ ለመጨረስ እየተጣደፍን ነበር። አብሮኝ ያየው አስረኛ ክፍል የሚማረው የአጎቴ ልጅ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ስለ አዳም ሳንድለር ትወና ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ያ እግሩ የተጎዳው ሰውዬስ ዳነ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙም መልስ የለውም።

ላላያችሁት፦ የሳፍዲ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ይህ ፊልም የሚጀምረው ወሎ ውስጥ፣ ኦፓል የሚወጣበት ቦታ፣ በ2010 ነው። እግሩ ክፉኛ የቆሰለ ሠራተኛ ተሸክመው ያመጣሉ። ሰዉ በቻይናውያን አለቆቹ ላይ ይጮኻል። በግርግሩ መሃል ሁለት ሰዎች ሹልክ ብለው ጉድጓድ ይገቡና ጥቁር ኦፓል ፈልቅቀው ያወጣሉ። ከዚያ ካሜራው ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፣ በቀለማቱ መሃል ይንሳፈፋል፤ ሲወጣ ኒውዮርክ ነው፣ ሐኪም እየመረመረው ያለው የነጋዴው የሃዋርድ አንጀት ውስጥ። በቃ። ወሎ አለቀ።

ይህ ሽግግር ካየኋቸው የፊልም መክፈቻዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። ከቆፋሪው ቁስል እስከ ገዢው ሆድ ያለውን መንገድ አንድ ቃል ሳይናገር ያሳያል። ቅሬታዬ ግን እዚሁ ላይ ነው፦ ፊልሙ ራሱ ልክ እንደ ሃዋርድ ድንጋዩን ይዞ፣ ሰውየውን ትቶ ይሄዳል።

እውነተኛውን ቦታ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል የሚወጣው ከገደል ግድግዳ ነው። ድንጋዩን የያዘው ንብርብር ውፍረቱ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። የአካባቢው ወጣቶች በእጅ መሣሪያ ጠባብ ዋሻ እየቆፈሩ ይከተሉታል። ዋሻው ሲደረመስ ሰው ሞቷል። ፊልሙ እዚህ ላይ ነገሩን አቅልሎታል፤ የሚጮህበት አለቃ ፈጥሮለታል። በእጁ ለሚቆፍር የገበሬ ልጅ ግን አለቃው ዋጋ ነው፤ ዋጋ ደግሞ ፊት የለውም። በማን ላይ ይጩህ?

የዚህ ኦፓል ሌላ ጉድ አለ፦ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር የቀለም ጨዋታው ይደበዝዝና መስታወት ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ጭስና ቀለምም ይጠጣል። ስለዚህ ገበያው ጥቁር ሲያምረው ነጩን በጭስ አጥቁረው ይሸጡለታል። ድንጋዩ ገዢው የፈለገውን ይሆናል ማለት ነው። ፊልሙም ድንጋዩ ውስጥ ያየው ህዋ ነው፣ ከዋክብት ነው፣ ዕድል ነው። የቆፈረው ሰው ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ሳፍዲዎቹ ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቪን ጋርኔት፣ ራሱን ሆኖ በሚጫወትበት ትዕይንት፣ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ለምትለው ድንጋይ እንዴት 100 ሺህ ብቻ ከፈልክ ብሎ ሃዋርድን ያፋጥጠዋል። ከፊልሙ ሁሉ ሐቀኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ግን ደቂቃ ሳይቆይ ጨዋታው፣ ቁማሩና ጩኸቱ ይውጠዋል።

«ፊልሙ እኮ ስለ ሃዋርድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ግን እኔ ኮድ ስጽፍ መጀመሪያ ላይ ስም የሰጠሁትን ነገር ሳልጠቀምበት ካለፍኩ ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቀኛል፤ ወይ ተጠቀምበት፣ ወይ አውጣው ይላል። የሰው ቁስል ለመክፈቻ ብቻ ተፈልጎ ከሆነ፣ ያ ቁስል ጌጥ ሆኗል ማለት ነው።

ያም ሆኖ ፊልሙን እዩት። የስግብግብነትን ትንፋሽ እንዲህ አቅርቦ የሚያሰማ ፊልም ብዙ የለም። ሦስቴ ያየሁትም ለዚያ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የገባኝ ግን ማታ፣ እራት ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ጉጂ ከሄደ ወራት አልፈውታል፤ ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ካሜራው ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ እኔ ተከትዬው ኒውዮርክ ገባሁ። እሱ አልተከተለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር።