አንቀጽ 6.3 የት ሄደ?

«ተከራይ ውሉን ከማለቂያ ጊዜው በፊት ቢያቋርጥ በአንቀጽ 6.3 የተመለከተው ቅጣት ተፈጻሚ ይሆናል።» ውሉ እንዲህ ይላል። ገልጬ አንቀጽ 6.3ን ባነበው፣ «የውሃ ቆጣሪው ለሁለቱ ቤቶች በጋራ ያገለግላል» የሚል ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ቃል በቃል ከሄድን፣ ውል ያፈረሰ ሰው የሚቀጣው በጋራ የውሃ ቆጣሪ ነው ማለት ነው።

ውሉ የእኔ አይደለም። ለልብስ ስፌት የሚሆን አንዲት ክፍል የተከራየች የጎረቤት ልጅ ናት ያመጣችልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የቋንቋ አስተማሪ አልነበሩ? እስቲ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለችኝ። አከራይዋ የሦስት ወር ኪራይ ቅጣት ክፈይ ይሏታል። እሷ ደግሞ «6.3 ላይ ቅጣት የሚባል ነገር የለም» ትላለች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ነው የሚሟገቱት፤ ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጠረ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ረቂቁ ላይ ስለ መያዣ ገንዘብ የሚናገር አንቀጽ አልነበረም። ሲደራደሩ ቆይተው «መያዣም ይግባበት» ተባለ፤ ጸሐፊዋም አራተኛ አድርጋ አስገባችው። ኮምፒዩተር ታዛዥ ነው። የድሮውን 4 ወደ 5፣ 5ን ወደ 6፣ 6ን ወደ 7 ገፋው። በ6.3 የነበረው ቅጣት 7.3 ሆነ፤ በ5.3 የነበረው የውሃ ቆጣሪም መጥቶ 6.3 ላይ ተቀመጠ። አንቀጽ 9 ውስጥ በጣት የተጻፈው «6.3» ግን ማንም ስላልነካው ባለበት ቆሞ ቀረ። ማሽኑ የሚያውቀው ራሱ የሰጠውን ቁጥር እንጂ ሰው የጻፈውን አይደለም። ለእሱ ያ «6.3» ከ«ብር» ወይም ከ«ተከራይ» የማይለይ ተራ ጽሑፍ ነው።

ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የተከራከርንበት ነገር ነው ይሄ! ደራሲው ሊል የፈለገው ይበልጣል ወይስ ጽሑፉ የሚለው? እኛ ተጨቃጭቀን ሻይ ልንጠጣ እንወጣ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን መልስ መስጠት ግዴታው ነውና ሰጥቷል። ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ስም ከቃሉ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቁጥር 1734 ደግሞ ቃሉ አሻሚ ሲሆን የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ይፈለግ ይላል። ታዲያ «አንቀጽ 6.3» ግልጽ ነው ወይስ አሻሚ? ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ከወዴት ይመጣል? ስድስት ነጥብ ሦስት ነው፤ አለቀ። ችግሩ ግልጽ ሆኖ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ዳኛ ፊት ቢደርስ ኖሮ፣ ቅጣቱ 7.3 ላይ አፍጥጦ እያለ ዳኛው የውሃ ቆጣሪውን ይመርጣል ብዬ አላስብም። ያም ሆኖ ለጠበቃ፣ ለቀጠሮና ለትራንስፖርት የሚወጣውን ገንዘብ አስቡት። በሽማግሌ ተጨረሰ፤ ልጅቱ የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ከፍላ ወጣች። ግማሹን ያተረፈላት የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ነው ብትሉ አልከራከርም።

የሕግ ሰነድ ውስጥ ቁጥር ቆጠራ አይደለም፤ ስም ነው። ይህን ሕግ አውጪዎቻችን ድሮም ያውቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች አሉት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የዚያ ሕግ የቤተሰብ ክፍል በፌዴራል ደረጃ ተሻረ። ነገር ግን «በመሀል ባዶ ተፈጠረ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ ከኋላ ያሉት ቁጥሮች ወደ ፊት አልተሳቡም። 1731 ዛሬም 1731 ነው። ጠበቆች የልጃቸውን ስም የሚጠሩትን ያህል የሚጠሩት ቁጥር ነውና አንድ ቦታ ቢንሸራተት ስንት ፍርድ፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ማመልከቻ አብሮ ይንሸራተት ነበር! «አንቀጽ 39» ሲባል ሕገ መንግሥቱን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ምን እንደሚወራ ይገባዋል። ከእሱ በፊት አንድ አንቀጽ ገብቶ አርባኛ ቢሆን ኖሮ የስንቱ ክርክር አድራሻ ይጠፋ እንደነበር አስቡ።

ቁጥር በአንዲት ነጥብ ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን ለማየት ዳዊትን መግለጥ ይበቃል። በግዕዙ ሃምሳኛ የሆነው የንስሐ መዝሙር ዕብራይስጡን ተከትለው በተቆጠሩት መጻሕፍት ሃምሳ አንደኛ ነው። ምክንያቱ ዘጠነኛውና አሥረኛው በግሪኩና በግዕዙ እንደ አንድ መቆጠራቸው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጥቅስ የሚጽፍ ሰው በቅንፍ ሁለተኛ ቁጥር ሲጨምር ይኖራል። እዚያስ መዝሙሩ ራሱ ስለሚታወቅ ጉዳት የለውም፤ የኪራይ ውልን ግን በቃሉ የሚደግም የለም።

ወርድ የተባለው ፕሮግራም ቁጥርን የሚረዳው እንደ ቆጠራ ነው። «1.» ጽፋችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳችሁ ኢንተር ስትመቱ «2.» ሳትጠሩት ከተፍ ይላል። ያ «2» ግን ጽሑፋችሁ ውስጥ የለም። ከርሰሩን ላዩ ላይ ልታቆሙ ብትሞክሩ አይቆምም፤ በፍለጋ ብትፈልጉት አይገኝም። በዓይን ይታያል እንጂ አይጨበጥም፤ ጥላ በሉት። የአንዱን ክስ ቀድታችሁ ሌላ ሰነድ ላይ ስትለጥፉት ቁጥሩ ከቀደመው ዝርዝር ጋር ተያይዞ የክሱ አንደኛ ነጥብ አሥራ አራተኛ ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። ወይም በመሀል ሠንጠረዥ ገብቶ ከእሱ በኋላ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ አንድ ማመልከቻ ሦስት «ተራ ቁጥር 2» ይኖረዋል። ተከሳሹ «በተራ ቁጥር 2 የተገለጸውን ክጃለሁ» ብሎ መልስ ሲሰጥ የትኛውን ካደ? በሕጋችን ተለይቶ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ የጽሕፈት አምሮት አይደለም፤ ሰው ሳያምን አምኗል ሊባል ነው።

መፍትሔው እኮ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ክሮስ ሪፈረንስ ይሉታል። «6.3» ብሎ በጣት በመጻፍ ፈንታ ከአንቀጹ ጋር በክር ታስሩታላችሁ፤ አንቀጹ ሲሄድ ማጣቀሻውም ይከተለዋል። ነገር ግን በራሱ ወዲያው አይነቃም፤ ሰነዱን በሙሉ መርጦ ኤፍ 9ን መጫን ያስፈልጋል። የታሰረበት አንቀጽ ከተሰረዘ ደግሞ አማርኛው መሀል ላይ በእንግሊዝኛ «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ጩኸት ይለቃል። ይህ ጩኸት ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት አይቻለሁ። ሁለት ምስክሮችም ፈርመዋል። ከዝምተኛው ስሕተት ግን ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ ይጮኻል።

የፊደል ተራው ነገር ደግሞ ለብቻው ያሳዝናል። ሕጎቻችን ከንዑስ አንቀጽ ሲወርዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያሉ ነው። እኔ በተጠቀምኩባቸው የወርድ እትሞች የቁጥር ዝርዝር ውስጥ የዕብራይስጥ፣ የዓረብኛ፣ የታይ ተራ አግኝቻለሁ፤ የእኛን ግን አላገኘሁም። የአማርኛ ፊደል በላቲን ቦታ ተቀምጦ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ኤ ቢ ሲ ብሎ የሚቆጥረውን ዝርዝር በአማርኛ ፎንት ሲያለብሱት ከሀ ለ ሐ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ፊደል ይደረደር ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ያ ቀልድ ቀርቷል፤ ተራው ግን ዛሬም በእጅ ይጻፋል።

በእጅ ሲጻፍ ምን ይሆናል? «ሀ ሁሉ አንድ ነው» የምትል ጸሐፊ ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ሰ ብላ ታወርደዋለች። ሁለት ሀ፣ ሁለት ሰ። የፊደል ይቀነስ አይቀነስ ሙግት ለሌላ ቀን ይቆየን፤ እዚህ ግን ፊደሎቹ ድምፅ ሳይሆኑ አድራሻ ናቸው። በትክክል የተጻፈውም ቢሆን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያው አንድ ነው። «በአንቀጽ 4 ሐ መሠረት» የሚል ጠበቃ «የትኛው ሀ?» መባሉ አይቀርም። ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ንጉሡ፣ እሳቱ ማለትን ከየኔታ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀምበታል።

ጸሐፊዋን ለመውቀስ የሚቸኩል አለ። እኔ አልቸኩልም። ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት ልጆች የሚከፈላቸው በገጽ ነው። የተማሩትም ፊደል ማወፈርና ማስመር ነው። ተጠያቂው ባለሙያ ነኝ ብሎ ሰነዱን የሚያዘጋጅና ከመፈረሙ በፊት የማያነበው ሰው ነው። ማንበብ ስል ዓይን ማሳረፍ ማለቴ አይደለም፤ «በአንቀጽ እንዲህ» በተባለበት ሁሉ ሄዶ፣ ገልጦ፣ የተባለው ነገር እዚያ መኖሩን አይቶ መመለስ ማለቴ ነው። ረቂቁ ሰው እጅ ከገባ በኋላ አንቀጽ ሲወጣ ቁጥሩን አትዝጉ፤ በቦታው «ተሰርዟል» ብላችሁ ጻፉ። ስትጠቅሱም ቁጥሩን ብቻ አትጥሩ። «በአንቀጽ 7.3 ስለ ቅጣት በተመለከተው» ቢባል ቁጥሩ ቢንሸራተት እንኳ «ስለ ቅጣት» የሚለው ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለየቁጥሩ ርእስ የሰጠው ለጌጥ አይመስለኝም።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ጠበቃ አሏችሁ፤ በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ዘመን የጀመሩ። አንድ አንቀጽ ለመጨመር ገጹ በሙሉ እንደገና ይመታ ስለነበር ቁጥርን መፍራት የተማሩት ያኔ ነው። ዛሬ ሰነዱ ሲያልቅ አውቶማቲክ ቁጥሩን በሙሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ያስቀይሩታል። ከዚያ እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ረዳታቸው ሁለተኛውን ቅጂ ይዛ በየማጣቀሻው ላይ ትገልጣለች፣ «አለ» ትላለች፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። «የለም» ስትል መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ለአሥር ገጽ ውል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ደንበኛው ውጭ ወንበር ላይ እየጠበቀ ነው።